ሀርጌሳ ላይ ደብዳቤ ስለ መጣል

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ከእጄ የጠፋ ነገር ቢኖር አንድ እስክርቢቶ ነው፤ እሱም ድሬዳዋ ላይ ነው፣ ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ቀጥሎ የምተርከውን ስትሰሙ «ሰውየው ድሮም ዝርክርክ ነበር» እንዳትሉኝ ነው። ማስታወሻ ደብተሮቼ ቁጥር አላቸው። ኪሶቼም የሥራ ክፍፍል አላቸው፦ የኮቴ ቀኝ ኪስ የሥራ ነው፣ ግራው የሰው አደራ ነው፣ የሸሚዜ ኪስ ደግሞ ከመነጽር በስተቀር ምንም አይገባበትም። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔ የተዳርኩት ለሰው ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ነው» ትል ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው፣ እባክህ ነገር ጣልልኝ ብለው የለመኑት።

ያኔ ሀርጌሳ ከፍርስራሽ እየተነሳች ነበር። ጣሪያ በሌለው ቤት ሱቅ ይከፈታል፤ በር በሌለው ግቢ ሰው አንኳኩቶ ይገባል፤ ከተማው ግማሹ መወጣጫ እንጨት ላይ፣ ግማሹ ሻይ ላይ ነው። እኔ ለሁለት ሳምንት ዘገባ መጥቼ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሐጂ ዑስማን ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ስገባ ለአዲስ አበባው ጋዜጣዬ የምልከው አድራሻ ፈልጌ፣ የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር ሐጂን ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ወላል» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «አድራሻህ አንተ ነህ።» የማይጨበጥ መልስ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ሳልጽፈው ቀረሁ። ያኔ ብጽፈው ኖሮ ከብዙ ነገር እተርፍ ነበር።

ዶክተር መቅደስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ውጭ አገር የተማረች፣ በእድሜ ልጄ የምትሆን፣ ከሁለት ቦርሳ ፎርም ጋር የምትጓዝ ኢትዮጵያዊት ምሁር ናት። ሶማሊኛ የሚያውቅ ሐበሻ ስታፈላልግ ወደ እኔ መሯት። በሆቴሏ ግቢ ተቀምጠን ሄልና ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ቀረበልን።

«ርኅራኄ ይለካል፣ ጋሼ» አለችኝ።

«በምን?»

«በፖስታ።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ጋዜጠኛ እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ አይከራከርም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሷም ማብራራቱን ቀጠለች። ሰው ዳግም የማያየውን ሰው ለምን ይረዳል? ደግነት ከደም ነው ወይስ ከአስተዳደግ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ «መከራ ያየ ሰው ልቡ ይራራል ወይስ ይደነድናል? ይህን ማወቅ የሚቻለው እንዲህ ባለ ከተማ ነው።»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔም በአራት ዓመት ውስጥ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እኔ ግን በፖስታ አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰበችው የገንዘብ ቦርሳ መንገድ ላይ መጣል ነበር። እጇን ይዤ ከሆቴሉ በር አወጣኋትና፣ የሰላት ጥሪ ሲሰማ ገንዘብ መንዛሪዎቹ እንደ ጡብ የተቆለለውን ብር በጨርቅ ሸፍነው ትተውት ወደ መስጊድ ሲሄዱ አሳየኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«ሁሉም ከመለሰማ ሳይንስ የለም፣ ጋሼ። ልዩነት ያስፈልገናል።»

ስለዚህ ፖስታ ሆነ። አርባ ነጫጭ፣ ወፍራም፣ በዚያ አገር በዚያን ጊዜ የማይገኙ ጥሩ ፖስታዎች ሰጠችኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ የእሷ ስምና የሆቴሉ ስም በሶማሊኛ ተጽፏል። የእኔ ሥራ መንገድ ላይ መጣል፣ ራቅ ብሎ ማየትና ፎርም መሙላት ነው። ሕጉ ሦስት ነው። ስጥል ማንም አይየኝ። ፖስታው በፊቱ ተደፍቶ ይውደቅ፤ አንሺው ጎንበስ ብሎ ገልብጦ እንዲያነብ፣ ድካሙም እንዲለካ ነው። ሦስተኛው፣ ለማንም፣ ምንም ቢመጣ፣ እውነቱ አይነገር። ምስጢር በመጠበቅ እታማለሁ እንጂ በማውጣት ታምቼ አላውቅም፤ ቃሌን ሰጠሁ።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ፖስታ የጦር አውሮፕላን ከተሰቀለበት የከተማው ሐውልት አለፍ ብዬ ጣልኩ። ጣልኩ ማለት ይከብዳል። ፖስታው መሬት ሳይነካ «ሐበሻው! ወረቀትህ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ጄሪካኗን ትታ እየሮጠች ነው። አመስግኜ ተቀበልኩ። ሁለተኛውን ስጥል አንድ ባለታክሲ መንገድ ዘግቶ፣ ጡሩምባ ነፍቶ፣ ከኋላው የቆሙትን ሁሉ እያስጮኸ ወርዶ ሰጠኝ። ሦስተኛውን ያነሳልኝ ዓይነ ስውር ነው። እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። «ወረቀት ሲወድቅ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ያንተ እርምጃ አልቆመም» አለኝ። ይህን የሚያስገባ ሳጥን ፎርሙ ላይ ፈለግሁ፤ የለም።

እስከ ረፋድ ስድስት ጣልኩ፤ ስድስቱም እጄ ገቡ። ፎርሙ ያለው «ለአድራሻው ተመልሷል» እና «ለአድራሻው አልተመለሰም» የሚል ብቻ ነው። ለጣዩ ሲመለስ ምን ይባላል?

«ታይተዋላ!» አለች ዶክተር መቅደስ፤ ተቆጥታ ሳይሆን አዝና። «ነገ ሰው በሌለበት ይሁን።»

ማክሰኞ የቀትር ሰላት ሲደርስ መንገዱ ጭር አለ። በስድስት የተለያዩ ቅያሶች፣ አጥር ተገን አድርጌ፣ እንደ ሌባ አንገቴን ሰብሬ፣ ስድስት ፖስታ ጣልኩ። ማንም አላየኝም፤ በዚህ ላይ እምላለሁ። ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ የመጀመሪያው መጣ። ከዚያ ሌላው። አምጪዎቹ ፖስታውን ገልብጠው አላነበቡትም፤ ማንበብም አላስፈለጋቸውም። በአካባቢው እንዲህ ያለ ነጭ ፖስታ ይዞ የሚዞር አንድ ሐበሻ ብቻ ነው። አድራሻው እኔ ነኝ።

ስድስተኛውን ያመጡት ሐጂ ዑስማን ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል። ተቀመጡ። ከዚያ ሐጂ፣ ድንጉጥ ከብት እንደሚያግባባ ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው፣

«ወላል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ምኑ?»

ሐጂ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? እሱንም ረስቶታል።»

«ሐጂ፣ እኔ አልታመምኩም።»

«አልሐምዱሊላህ። ማን ታመምክ አለህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና ነህ። ሻይ ጠጣ።»

እውነቱን እንዳልናገር ቃል ሰጥቻለሁ። ውሸት ደግሞ አልችልበትም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ በሽታዬን አጸናው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ሐጂ በር ላይ ቆም ብለው፣ «እንደ ሻምስ ነው። አትመልሱለት። ባስቀመጠበት ይሁን» ሲሏቸው ሰማሁ። እንደ ልማዴ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ትርጉሙ ግን አልገባኝም።

ሻምስን ግን አውቃታለሁ፤ የማያውቃት የለም። ከስደት ስትመለስ ቤቷን ከመሬት ተስተካክሎ አገኘችው፤ የቀረው አንድ ግድግዳ ነው። በየማለዳው የቤቷ ደፍ በነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ታስቀምጣለች። ለማን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ደግ ነርስ ኩባያው የተረሳ መስሏት አንስታ የተጠለለችበት ድረስ ወሰደችላት። ሻምስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ኩባያውን ማንም አይነካውም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮበታል፤ መኪኖቹም ሁሉ ዞረውት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ጌትነት ልመልሳችሁ፤ ነገሩ ከሳይንስ ወጥቶ የሰው ትዳር ውስጥ የገባው በእሱ በኩል ነውና።

ጌትነት ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ አገሩ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ገጠር፣ መኖሪያው ሼክ ኑር ሰፈር። ማንበብና መጻፍ አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሚስቱ ለይታይሽ በመንገደኛ እጅ የላከው ደብዳቤ አንዱም አልደረሰም። በቅርቡ በድንበሩ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል የመጣ ያገሩ ሰው፣ አገር ቤት «ሞቷል» እንደተባለና በመጪው እሑድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይታይሽን ለሌላ ሰው ሊድሯት እንደሆነ ነገረው። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ይጻፉልኝ። አልሞትኩም ብለው ይጻፉልኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ዋናው እሱ ነው።»

ጻፍኩለት። የለሰነው ግድግዳ ፊት ቆሞ የተነሳውን ፎቶ አስገባን። ፖስታ ስላልነበረው ከዶክተር መቅደስ ፖስታዎች አንዱን ወሰድኩ። አዎ፣ ከሳይንስ ሰርቄ ነው። የታተመውን አድራሻ ሰርዤ የወንድሙን ስም በአማርኛ ጻፍኩበት፤ ለጥንቃቄ ደግሞ የማኅተም ቀለም አስነክቼ አውራ ጣቱን ክዳኑ ላይ አሳተምኩት። ሐሙስ ስድስት ሰዓት የሚነሳው አውሮፕላን ላይ የሚሠራው ቴክኒሻን፣ አቶ በኃይሉ፣ ደብዳቤውን ይዞ ይሄዳል። የጌትነት ወንድም አዲስ አበባ ነው፤ ከአቶ በኃይሉ እጅ ተቀብሎ ቅዳሜ ገጠር ይደርሳል። ፖስታውን በግራ ኪሴ፣ በአደራው ኪስ ከተትኩት።

«ጋሼ፣ ተማምኜ ልሂድ?»

«ጌትነት» አልኩት፣ «እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ እስክርቢቶ ነው የጠፋብኝ።»

ከዚያ በቀኝ ኪሴ አሥራ ሁለት የጥናት ፖስታ ይዤ ወጣሁ። ረቡዕ ግን ከተማው ተለወጠብኝ። ፖስታ ስጥል የሚጮህ የለም። አይተውኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ለቅሶ ቤት የሚደረግ ዓይነት ዝምታ ነው። አንዱ ጋሪውን ዞር አድርጎ አለፈ። ሻይ ሻጯ ኸድራ፣ በቀን አሥር ጊዜ «ሐበሻ፣ ጸጉርህን የበላው ስኳር ነው!» እያለች የምትሰድበኝ ሴት፣ በዚያ ቀን ሻይ ስጠጣ አንዲት ስድብ አልወጣትም። ያስጨነቀኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ትንሽ ዘወር ስል ደግሞ በፖስታዎቹ ላይ ድንጋይ ይቀመጥባቸዋል። ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም። ሙቀቱ ስለጠና ኮቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አጠፍኩትና እየተዘዋወርኩ ጣልኩ። አሥራ ሁለቱን ቦታ በቁጥር መዘገብኩ።

ማታ ሳይሆን ገና በአሥር ሰዓት ዶክተር መቅደስ ውጤቱን አየች።

«ዜሮ!» አለች። «አንድም ሰው ጎንበስ አላለም! በጣም ያሳዝናል» እያለች ፊቷ ያበራል።

«ድንጋዩስ?» አልኳት።

«የቱ ድንጋይ?»

«ፖስታው ላይ የሚቀመጠው።»

ፎርሙን አገላበጠች። «ድንጋይ የሚል የለውም።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አየር ማረፊያ ለመሄድ ኮቴን ለበስኩ። ግራ ኪሴን ዳሰስኩ። ባዶ ነው። ቀኙን ዳሰስኩ፤ አንድ ፖስታ አለ። እፎይ ብዬ አወጣሁትና ገለበጥኩት፦ ለዶክተር መቅደስ። ኮቱ ክንዴ ላይ ሲታጠፍ ቀኝና ግራ ተለዋውጠዋል። ደንግጬ አልጮህኩም። ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት ወለሉ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የጌትነት ትዳር ከአሥራ ሁለት ቦታዎች በአንዱ፣ መንገድ ላይ፣ በፊቱ ተደፍቷል፤ የቀረኝ አራት ሰዓት ነው።

ዝርዝሬን ይዤ ወጣሁ። ቁጥር አንድ ኸድራ ሻይ ቤት ፊት ለፊት ነው። ፖስታው ከነድንጋዩ አለ። ጎንበስ ስል ኸድራ እጄን ያዘች።

«ተወው፣ ወላል። እዚያው ይሁን።»

«የኔ ነው እኮ!»

«ያንተ ነው። አንተው ነህ ያስቀመጥከው። ጥሩ ቦታ ነው። እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ላንሳው።»

«ካነሳኸው ያምሃል» አለችኝ፤ ዓይኗ ውሃ ሞላ። ይህች በስኳር የምትሰድበኝ ሴት!

ታግዬ ገለበጥኩት። የዶክተር መቅደስ ነው። ወደ ቁጥር ሁለት ስሄድ ኸድራ ተከተለችኝ። ቁጥር ሁለትን የሚጠብቀው ያ ባለታክሲ ነው፤ መኪናውን አስጠግቶ አቁሞ እንዳይረገጥ ከልሎታል። እሱም ተከተለን። ቁጥር ሦስት ላይ ዓይነ ስውሩ በትሩን ፖስታው ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ቁጥር አራት ስንደርስ ከኋላዬ የሚሄደው ሰው ለቀብር የሚወጣ ያህል ሆኖ ነበር፤ ሐጂ ዑስማንም ተጠርተው ደርሰዋል። በአራቱም ቦታ የለም። ከመንገዱ ማዶ ዶክተር መቅደስ ፎርሟን ይዛ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። «ጋሼ! አይንኩ! ሳምፕሉን እያበላሹት ነው!»

በዚህ መካከል ከአንድ መወጣጫ እንጨት ላይ፣ ጸጉሩ በጀሶ የነጣ ሰው ወረደ። ጌትነት ነው።

«ጋሼ፣ ለጋሽ በኃይሉ ሰጡልኝ?»

ሕዝቡን አየሁ። ዶክተሯን አየሁ። እውነቱን ነገርኩት።

ጌትነት እጁ ላይ የደረቀውን ጀሶ ሲፍቅ ቆየ። «እና» አለ በመጨረሻ፣ «እዚያ ሞተሃል አሉኝ፤ እርስዎ ደግሞ መንገድ ላይ ጣሉኝ?»

እንደዚያ ያለ ነገር አለቃ ተቆጥቶኝ፣ ወታደር ጮሆብኝ አልተሰማኝም። ወደ ሕዝቡ ዞርኩና ሦስተኛውን ሕግ አፈረስኩ። በሶማሊኛ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ አልታመምኩም፤ ፖስታዎቹን የጣልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ይህች ምሁር የሰው ርኅራኄ እንዴት እንደሚሠራ ታጠናለች፤ እናንተ ትመልሱ እንደሆነ ለማየት ነው።

ኸድራ ወደ ሐጂ ጠጋ ብላ «ብሶበታል» አለች።

«ቆይ» አሉ ሐጂ። «ወላል፣ ይህን ለማወቅ ወረቀት ይጣላል? ለምን አትጠይቁንም?»

ዞሬ ለዶክተር መቅደስ ተረጎምኩላት። እስክርቢቶዋ ፎርሙ ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቃችሁ» አልኩ። «ከፖስታዎቹ በአንዱ የዚህ ሰው ደብዳቤ አለ። ስድስት ሰዓት በሚነሳው አውሮፕላን ካልሄደ፣ እሑድ ሚስቱን ሞቷል ብለው ለሌላ ይሰጡበታል። እርዱኝ።»

ለካ ይህን ቃል እስከዚያ ቀን አልተናገርኩም ነበር። ባለታክሲው ወዲያ፣ ወተት ሻጯ ወዲህ፣ በየአጥሩ ላይ ጥሪው ተቀባበለ። ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የቀሩት ፖስታዎች ተራ በተራ መጡ። ከነድንጋያቸው ነው የመጡት። «ስትመልሰው የትኛው ድንጋይ የቱ ላይ እንደነበር እንዳይጠፋህ» አለኝ አንዱ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አክብሮ እያቀበለኝ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ የዶክተሯ። ስምንት፣ ዘጠኝ፤ የዶክተሯ። አሥርም፣ አሥራ አንድም።

«አሥራ ሁለተኛውስ?» አልኩ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ዝርዝሬን አየሁ። ቁጥር አሥራ ሁለት፦ የሻምስ ግቢ በር አጠገብ።

ሄድን። ሻምስ በቀረችው ግድግዳዋ ጥላ ተቀምጣለች። ፖስታው ከጣልኩበት ተነስቷል። የድንጋዩ ክብ መካከል፣ የደፏ ቦታ ላይ ነው ያለው፤ በላዩ ላይ ውሃ የሞላው ኩባያ ተቀምጧል። ከኩባያው ሥር የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የጣት አሻራ ብቅ ብሏል።

አንድም ሰው ከድንጋዩ ክብ አላለፈም። አምስት ሰዓት ሆኗል። ባለታክሲው ሞተሩን አስነስቶ ወርዶ ቆሟል። ዶክተር መቅደስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማንሳት ነው እንጂ፣ ጋሼ፤ ሁለት እርምጃ ነው» አለች በሹክሹክታ። ጌትነትም አልተነቃነቀም። የሶማሊኛ ችሎታው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ነገ ከሚሉት አያልፍም። ጫማውን አወለቀና ከክቡ ውጭ ተንበረከከ።

«ኤዶ» አላት፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ሌላ ቃል አልነበረውም።

ሻምስ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ለዚህ ቤት ደብዳቤ ከመጣ ስንት ዘመኑ ነው» አለች። «ትላንት በሬ ላይ አገኘሁት። ለእኔ አይደለም። ባለቤቱ እስኪመጣ ነፋስ እንዳይወስደው አልኩ።» ወደ ጌትነት ጣቷን ቀሰረች። «ባለቤቱ ይሄ ነው?»

«ነው» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

እጁን እንዲሰጣት ምልክት አሳየችው። በጀሶ የነጣውን እጁን ገልብጣ አውራ ጣቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። የማኅተሙ ቀለም ገና አልለቀቀም። ጣቱን አየች፤ አሻራውን አየች፤ እንደገና ጣቱን። እኔ፣ እውነት አጣሪ ነኝ ባዩ፣ በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ በትክክል ያጣራ አንድ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ኩባያውን በገዛ እጇ አነሳችና ፖስታውን ሰጠችው። ኩባያውን መልሳ በቦታው አስቀመጠችው። ከኋላዬ የኸድራን ትንፋሽ ሰማሁ።

ወደ አየር ማረፊያው እንዴት እንደደረስን አልተርክም፤ ባለታክሲው ሐጂ ዑስማንን ጨምሮ ስድስት ሰው ጭኖ መንገዱን ሳይሆን አቅጣጫውን ብቻ ነበር የሚከተለው። አቶ በኃይሉ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ደረስንበት። ደብዳቤውን ተቀብሎ «ይሄ ምንድን ነው? ረጥቧል» አለ። መሐሉ ላይ የኩባያው ቂጥ ክብ ምልክት ጥሎበታል፤ የአድራሻውም ቀለም ትንሽ ተስፋፍቷል። «ይነበባል፣ ሂድ!» አልነው ስድስታችንም በአንድ ድምፅ።

ዶክተር መቅደስ አንድ ሳምንት ቆየች። ፎርሞቿን ልትሞላ ብዙ ታግላለች። «ድንጋይ አስቀምጦ መጠበቅ የት ይገባል? አለመመለስ ነው?» ትለኛለች። «እኔን ባትጠይቂኝ» እላታለሁ። በመጨረሻ «ሌላ» በሚለው ጠባብ መስመር መጻፍ ጀመረች፤ አልበቃ ብሏት ወደ ወረቀቱ ጀርባ ዞረች። ከዚያ ፎርሙን ትታ የሐጂን ምክር ተከተለች፦ ኸድራ ዘንድ ተቀምጣ ሰዎቹን መጠየቅ ጀመረች። እኔ አስተረጎምኩ። ከተማው ግን እስከዛሬ ደህና ነህ ብሎ አላመነኝም። ሻይ ቤት ኮፍያዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ እጄን ታጥቤ ስመለስ ድንጋይ ተጭኖበት አገኘዋለሁ።

መልሱን አቶ በኃይሉ ይዞልን የመጣው ከወር በኋላ ነው። ይታይሽ በመምህር አስጽፋ የላከችው ነው። ጌትነት አጠገቤ ተቀምጦ አነበብኩለት። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፤ ወፍሯል ተብሏል። ይሁን እንጂ የይታይሽ አጎት ፎቶው የቆየ ይሆናል፣ ጽሕፈቱም የእሱ አይደለም ብለው ሽማግሌውን አስቸግረው ነበር። «ነገሩን የቆረጠው» ይላል ደብዳቤው፣ «ፖስታው ላይ ያለው እንባህ ነው። ሽማግሌው እያገላበጡ አይተው፣ እንዲህ በአንድ ቦታ የሚያለቅስ ሁለት ዓመት እንባውን ይዞ የቆየ ሰው ነው አሉ። ጉባኤው ተበተነ። እኔም አለሁ። እባክህ እንደዚያ አታልቅስ።»

ጌትነት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ጠርጎ፣

«ጋሼ፣ እውነቱን እንጻፍላት እንዴ?» አለኝ። «የኩባያ ነው ብለን?»

እስክርቢቶዬን አነሳሁ። በዚያ ክብ ምልክት ላይ ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ አውቃለሁ፤ ኩባያው የቆርቆሮ ነው፣ ውሃው የሻምስ ነው፣ ምስክሮቹን በስም መጥራት እችላለሁ። በሥራ ዘመኔ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ሳላርም ያሳለፍኩት አንድም ነገር አልነበረም።

«ሌላ የምትላት ነገር ካለ ንገረኝ» አልኩት፤ «የእንባው ነገር ደህና ተጽፏል።»